ሳቬጅ 10ኤምኤል-2 ከዓመታት በኋላ፦ ጠመንጃው እንዳለ ነው፣ የሚጎርሰው ግን ተለውጧል

በዘመናዊ ጥይቶች ውስጥ ያለውን ጭስ አልባ ባሩድ በአፈ ሙዙ ጎርሶ የሚተኩስ ጠመንጃ ሲነሳ አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ የሚጠራው ስም ሳቬጅ 10ኤምኤል-2 ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የሰሜን ካሮላይናው ጠመንጃ ሠሪ ሄንሪ ቦል ነው። ሳቬጅ የመጀመሪያውን 10ኤምኤል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በ10ኤምኤል-2 ተካው። ምርቱን በ2010 ገደማ አቆመ። ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው ሁሉ ያገለገለ ነው፤ ወይ ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ፣ ወይም ባለቤቱ ከብዙ ዓመት በፊት ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው። ይህ ግምገማ በተለይ ለሁለተኛው ዓይነት ሰው ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንንገራችሁ። ብረቱ ዛሬም ጥሩ ነው፤ ወደ ልማዱ የሚመለስ ሰው አዲስ ጠመንጃ ፍለጋ መሄድ የለበትም። የሚያስቸግሩት በዙሪያው ያሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ናቸው፤ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ቪት፣ ሳቦ የምትባል አንዲት የፕላስቲክ ቆብ፣ እና ሚዛን። እነዚህን ሦስቱን በትክክል ያልያዘ ሰው ጠመንጃውን ይራገማል፣ ጥፋቱ ግን የጠመንጃው አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። በአፈ ሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ሁሉ ጭስ አልባ ባሩድ አይችልም። በርሜላቸው ላይ ለጥቁር ባሩድ ብቻ ተብሎ የተጻፈባቸው የተለመዱ ጠመንጃዎች በጭስ አልባ ባሩድ ይፈነዳሉ፤ ተኳሹም እጁን ወይም ዓይኑን ያጣል። 10ኤምኤል-2 የሚችለው በርሜሉና መቀርቀሪያው ከመጀመሪያው ለዚህ ግፊት ስለተሠሩ ነው፤ አካሉም ከሳቬጅ የታወቁት የካርትሬጅ ጠመንጃዎች የተወሰደ ነው። ጥቁር ባሩድና ተተኪዎቹንም ይተኩሳል። ይህ ጥቅሙ ኋላ ላይ ይነሳል።

ስለ ጠመንጃው አካል ብዙ መናገር አያስፈልግም። ካሊበሩ .50 ነው፣ በርሜሉ 24 ኢንች፣ ጥይቱን የሚያሽከረክረው የውስጥ ጥምዝ በ24 ኢንች አንድ ዙር። ክብደቱ እንደ ሰደፉ ከ8 ፓውንድ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ይላል፤ ከተነባበረ እንጨት የተሠራው ሰደፍ ከፕላስቲኩ ይከብዳል፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈውንም ምት በዚያው ልክ ያለዝባል። ኋላ የወጡት ላይ ያለው አኩትሪገር የተባለው የሚስተካከል ቃታ በዚህ ዋጋ ከሚገኙት ቃታዎች ሁሉ የተሻለ ነው። የደህንነት መቆለፊያው በአውራ ጣት የሚገፋ፣ ባለ ሦስት ደረጃ ነው። የፕላስቲኩ ሰደፍ ርካሽ ይመስላል፣ ርካሽም ነው፤ ዒላማን ግን አያበላሽም።

ከቁም ሳጥን የወጣ ጠመንጃ ላይ የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት አይደለም፤ ጎርሶ እንደሆነ ማጣራት ነው። አዳኝ የወቅቱ መጨረሻ ቀን ላይ ባሩዱን የሚያነሳውን ካፕሱል አውጥቶ ባሩዱንና ጥይቱን ውስጥ ትቶ ማስቀመጡ የተለመደ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። መቀርቀሪያውን አውጡ። መጠቅጠቂያ ዘንጉን በአፈ ሙዙ እስከ ታች አስገቡና ከአፉ ጋር እኩል የሆነበትን ቦታ በጣት ያዙ። ከዚያ ዘንጉን አውጥታችሁ በርሜሉ ላይ በውጭ በኩል ብታስተኙት ጫፉ በርሜሉ ከመቀርቀሪያው ቤት ጋር ወደሚገናኝበት አካባቢ መድረስ አለበት። ሁለት ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ካጠረ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። በዚህ ጊዜ መተኮስ መፍትሔ አይደለም። የኋላ መድፈኛውን ፈትቶ ባሩዱን ማፍሰስ፣ ከዚያም ጥይቱን በዘንግ ገፍቶ ማውጣት ነው። መድፈኛው አልፈታ ካለ ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ይሂድ፤ እንደጎረሰም ይነገረው።

መድፈኛው ራሱ ያገለገለ 10ኤምኤል-2 ሲገዛ ትልቁ ወጥመድ ነው። በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋው ይህ ብረት በራሱ ረጅም መፍቻ ከኋላ በኩል ይፈታል። የቀድሞው ባለቤት ጥቁር ባሩድ ወይም ተተኪውን ተኩሶበት ሳያጸዳ ካስቀመጠው፣ ቅሪቱ ከአየር እርጥበት ስቦ ጥርሱን በዝገት ያጣብቀዋል። ጭስ አልባ ባሩድ ብቻ የተተኮሰበት እንኳ ግራሶ ሳይቀባ ከተጠበቀ ይነክሳል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ሻጩ ፊት መድፈኛው እንዲፈታ ይጠይቅ። በዚያው በርሜሉን ከኋላ ወደ ብርሃን አድርጎ ይመልከተው፤ በተለይ ከመድፈኛው ፊት ያለውን የመጀመሪያ ሁለት ኢንችና አፈ ሙዙ አካባቢ ያለውን። የጠቆረ ብቻ ከሆነ ይጸዳል። በዝገት የተበላ ጉድጓድ ካለ ወይም ግድግዳው ላይ ቀለበት የመሰለ እብጠት ከታየ ይተው። እብጠቱ ጥይት ባሩዱ ላይ ሳይደርስ ተንጠልጥሎ እንደተተኮሰ ይናገራል።

አሁን ወደ ቪቷ። መድፈኛው መሐል በባሩዱ በኩል የምትገባ፣ የካፕሱሉን እሳት ወደ ባሩዱ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቪት አለች። አዲስ ስትሆን ቀዳዳዋ 0.03 ኢንች ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ተኩስ የሚያልፍባት የጋለ ጋዝ ብረቷን እየላሰ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ግፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ካፕሱሉና ወደ መቀርቀሪያው ይመለሳል። ምልክቶቹ በቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ መጀመሪያ መቀርቀሪያው ፊት ላይ ጥላሸት ይበዛል፣ ቀጥሎ የተተኮሰው ካፕሱል አልወጣ ይላል፣ ከዚያ በፍጥነት መለኪያ ላይ በተኩስ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ በመጨረሻም ዒላማ ላይ ምቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይበተናሉ። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ይወቅሳል፣ ይቀይረዋልም።

ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያ ርካሽ ነው። በቁጥር የሚሸጡ ቀጫጭን የትራፓኖ ፑንታዎችን ግዙ። ቁጥር 68 ፑንታ 0.031 ኢንች ነው፣ ቁጥር 66 ደግሞ 0.033፣ ቁጥር 65 ደግሞ 0.035። የፑንታውን ለስላሳ ጀርባ በእጅ ቀዳዳው ላይ ሞክሩ፤ ማሽን አይነካውም። ቁጥር 66 ከገባ አዲስ ቪት ማዘዝ ይጀመር። ቁጥር 65 ከገባ ቪቷ ትጣል። አንዳንዷ ጥቂት ደርዘን ተኩስ ብቻ ትቆያለች፤ እንደ ባሩዱና እንደ ካፕሱሉ ይለያያል። ሳቬጅ ጠመንጃውን መሥራት ቢያቆምም ቪቷንና መድፈኛውን የሚሠሩ ሌሎች አሉ፤ ቢያንስ ግማሽ ደርዘን ቪት አብሮ ያልገዛ ሰው ወቅቱ መሐል ላይ መቆሙ አይቀርም። ስትገጠም ጥርሷ ላይ ማጣበቅ የሚከላከል ግራሶ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ግራሶ ከገባ የመጀመሪያው ተኩስ ይከሽፋል።

ካፕሱሉ የሾት ገን ጥይቶችን የሚያስነሳው የታወቀው 209 ዓይነት ነው፤ መቀርቀሪያው አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ይዘጋል። ከተለያዩ ፋብሪካዎች የሚመጡት 209ዎች በውፍረታቸውም በርዝመታቸውም በጥቂት ሺህኛ ኢንች ይለያያሉ፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ጠመንጃ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋው ሌላው ላይ ያፈሳል። ዊንቸስተር ደብሊው209፣ ፌደራል 209ኤ እና ሲሲአይ 209ኤም ላይ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ተኩሶ ጥላሸት ያነሰበትን መምረጥ ነው። መቀርቀሪያው ሲዘጋ ትንሽ መያዝ ሊሰማ ይገባል። የሚያፈስ ካፕሱል የሚያደርሰው ጉዳት ወዲያው አይታይም። ጥላሸቱ በመምቻ መርፌው ቀዳዳ ገብቶ ይጠነክራል፣ ብርድ ላይ ከዘይት ጋር ተደባልቆ መርፌውን ያዘገያል፣ ጠመንጃውም አጋዘን ፊት ይከሽፋል። በዓመት አንድ ጊዜ መቀርቀሪያውን ፈትቶ ማጠብና ደረቅ አድርጎ መግጠም ይህን ያስቀራል።

ባሩድ ላይ ዓለም ተለውጧል። የድሮው የሳቬጅ መመሪያ የሚጠቅሳቸው ሦስት ስሞች የፊንላንዱ ቪህታቩሪ ኤን110፣ አኩሬት 5744 እና አይኤምአር ኤስአር-4759 ነበሩ። ኤስአር-4759 በ2014 ገደማ ከምርት ወጥቷል። ቤት የቀረ ጣሳ ያለው ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሽተት። ጤነኛ ባሩድ ቀለል ያለ የኬሚካል ሽታ አለው። የሚቆጠቁጥ የአሲድ ሽታ፣ ቀይ ቡናማ አቧራ ወይም ጭስ፣ ወይም ከውስጥ የዛገ ክዳን ከታየ ባሩዱ እየበሰበሰ ነውና መወገድ አለበት። ከቀሩት ሁለቱ ኤን110 ንጹሕ ይነድዳል፣ በርሜል ውስጥ ብዙ አይተውም፤ ነገር ግን በደንብ እንዲቀጣጠል ጥይቱ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። 5744 ናይትሮግሊሰሪን ስላለበት በቀላሉ ይነሳል፣ ለብርድ ቦታ እሱ ይመረጣል። ያልነደዱ ፍሬዎች በርሜሉ ውስጥና መድፈኛው ላይ ይተዋል። ጠባዩ ነው እንጂ የጠመንጃው በሽታ አይደለም፤ ሆኖም ከመጉረሱ በፊት ፍሬዎቹን በደረቅ ጨርቅ ካላወጧቸው ቪቷን ሊደፍኑ ይችላሉ።

ስሞቹ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። ኤን110 እና ኤች110 አንድ አይደሉም። ሁለቱም መደብር ውስጥ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፣ አንዱ የሌላውን መጠን አይወስድም። ይበልጥ አስፈሪው ኤስአር-4756 ነው፤ በአንዲት ቁጥር ከኤስአር-4759 ይለያል፣ እጅግ የፈጠነ ባሩድ ነው፣ እሱም ከምርት ስለወጣ በድሮ ጣሳ ሽያጭ ላይ ይገኛል። ጣሳው ላይ ያለውን ቁጥር ሁለት ሰው ያንብበው ቢባል ማጋነን አይደለም። በሌላ ዕቃ የተገለበጠ፣ ስያሜው የጠፋ ባሩድ ደግሞ የማን እንደነበረ ቢታወቅም እንኳ አይተኮስም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ከዚህ ጽሑፍ ቁጥር አትፈልጉ። የሳቬጅ መመሪያ ለእያንዳንዱ ባሩድና ለእያንዳንዱ የጥይት ክብደት መነሻና ጣሪያ አስቀምጧል፤ ጠመንጃው ያለ መመሪያው ከተገዛ መጀመሪያ መመሪያው ይፈለግ። ከዚህ የሚወሰደው የመለኪያ ጉዳይ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚለካው በስፍር ነው፤ ጭስ አልባ ባሩድ ግን በሚዛን ብቻ። የሚመዘነውም በግሬይን ነው፤ አንድ ግሬይን 0.065 ግራም ገደማ ናት። የጥቁር ባሩድ መስፈሪያን በጭስ አልባ ባሩድ የሞላ ሰው ከመመሪያው ጣሪያ እጅግ ያለፈ ግፊት ጎርሷል። ሚዛኑ 0.1 ግሬይን የሚለይ ይሁን፣ በየቀኑ በማረጋገጫ ክብደት ይፈተሽ፣ ከመጠቀም በፊት ጥቂት ደቂቃ በርቶ ይሙቅ፣ ከነፋስና ከስልክ ይራቅ። ከመነሻው በታች መቀነስም መፍትሔ አይደለም፤ ግፊቱ ካልደረሰ ባሩዱ በቅጡ አይነድም፣ ጥይቱም በርሜል መሐል ሊቀር ይችላል። ሁለት ዓይነት ባሩድ ደራርቦ መጉረስን የሚመክሩ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው።

ብዙ ጊዜ ማብራሪያ የሚጎድለው ሳቦው ነው። የ.50 በርሜል ውስጥ .452 ኢንች የሚሆን የሽጉጥ ጥይት የሚገባው በፕላስቲክ ሳቦ ተሸፍኖ ነው። ሳቦው ሁለት ሥራ አለው፤ ጥይቱን ከጥምዙ ጋር ያሽከረክራል፣ ጋዙንም ከኋላ ይዘጋል። ጭስ አልባ ባሩድ እንደ ጥቁር ባሩድ ዝም ብሎ አይነሳም፤ እንዲነድ መታፈን አለበት። የሚያፍነው ደግሞ በዋናነት የሳቦው ጥብቀት ነው። ሳቦው ልል ከሆነ ካፕሱሉ ጥይቱን ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ባሩዱ ቦታ ያገኛል፣ ጠመንጃውም መጀመሪያ ጠቅ ይልና ዘግይቶ ይተኩሳል ወይም ጭራሽ አይነሳም። በጣም ከጠበቀ ደግሞ ሲጎርስ ይቀደዳል። የ10ኤምኤል-2 በርሜሎች በጥቂት ሺህኛ ኢንች ይለያያሉ፤ ለጓደኛ ጠመንጃ ፍጹም የሆነው ሳቦና ጥይት ለሌላው ላይሆን ይችላል። ከ.451 ወደ .452 ጥይት መቀየር ብቻ ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ያመጣል። መለኪያው ይህ ነው፤ ጥይቱ አፈ ሙዙ ውስጥ በሚያስገባው አጭር ማስጀመሪያ ዘንግ ከተገፋ በኋላ በሁለት እጅ የሰውነት ክብደት ተጨምሮ በአንድ የማያቋርጥ ግፊት መውረድ አለበት። በአንድ እጅ ከወረደ ልል ነው። በመዶሻ ካልሆነ ካላለ ጠባብ ነው።

ለዚህ ጠመንጃ በብዛት የሚሞገሱት የኤምኤምፒ ኤችፒኤች-24 የሚባሉት ሳቦዎች ናቸው፤ ለጥቁር ባሩድ የሚሸጡት ለስላሳ ሳቦዎች በዚህ ግፊት ይቀልጣሉ። የተተኮሱትን ሳቦዎች ከመተኮሻው ፊት ለፊት ሄዳችሁ ልቀሙ፤ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ይናገራሉ። ቅጠሎቹ እኩል ተከፍተው መሠረቱ ሙሉ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። መሠረቱ ጠርዝ ላይ የተቃጠለ ወይም የተበሳ ከሆነ ጋዝ አልፎታል፤ ጥይቱ ልል ነው ወይም በርሜሉ ግሎ ነበር። አንድ ቅጠል ተገንጥሎ ከጠፋ ሲጎርስ ተቀዷል፤ የአፈ ሙዙ ጠርዝ ስለት ይፈተሽ።

ሙቀት የሳቦ ጠላት ነው። ጭስ አልባ ባሩድ በርሜሉን ቶሎ ያግላል፣ ፕላስቲኩም ይለሰልሳል። በርሜሉን እጅ በምቾት መያዝ ካልቻለ አይጎርስም። በቀዝቃዛ ቀን በተኩስ መካከል አምስት ደቂቃ፣ በበጋ አስርና ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ሌላ ጠመንጃ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ሦስተኛው ጥይት ሁልጊዜ ከስብስቡ የሚወጣበት ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን ይመልከት።

ጥይት ላይ አጭር ምክር። ሆርናዲ ኤክስቲፒ 250 ግሬይን ዒላማ ላይ ግሩም ነው፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን .45 ኮልት ለተባለው ሽጉጥ ፍጥነት የተሠራ ጥይት ነውና ከዚህ ጠመንጃ በሰከንድ 2,300 ጫማ ገደማ ወጥቶ በቅርብ ርቀት አጥንት ሲመታ ይፈራርሳል። ለአደን 300 ግሬይኑ ኤክስቲፒ ማግ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ የባርንስ ጥይት ይሻላል። ሁሉም ደንደን ያሉ አጫጭር ጥይቶች ስለሆኑ ፍጥነታቸውን ቶሎ ያጣሉ። በ100 ያርድ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ኢንች ከፍ አድርጎ ማስተካከል የተለመደ ነው፤ 200 ያርድ ላይ ግን በወረቀት ሳያረጋግጡ እንስሳ ላይ መተኮስ የለም።

የመጉረሱ ቅደም ተከተል አይለወጥም። በርሜሉ ውስጥ የማከማቻ ዘይት ካለ በአልኮል በራሰ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ይጠረግ፤ ዘይት ሳቦውን ያንሸራትተዋል፣ ባሩዱም አይታፈንም። መቀርቀሪያው ክፍት፣ ካፕሱል የሌለበት፣ አፈ ሙዙ ወደ ላይና ከፊት የራቀ ይሁን። ዘንጉ ወርዶ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ባሩዱ ቤት ውስጥ ተመዝኖ ለአንድ ተኩስ አንድ ብልቃጥ ተሞልቶ ይምጣ፤ ከጣሳ በቀጥታ አይፈስስም። ባዶው ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ሰው አናግሯችሁ ሐሳባችሁ ቢሰረቅ ባሩዱ ገብቶ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ ድርብ ባሩድ የሚጎርሰው እንዲህ ባለ ጨዋታ መሐል ነውና። ከዚያ ጥይቱ በሳቦው ገብቶ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ይገፋል። አይወገርም። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት ይኑር፣ አንዱ ለባዶ፣ ሌላው ለጎረሰ። የጎረሰው ምልክት ከአፈ ሙዙ በላይ ከቀረ ጥይቱ ባሩዱ ላይ አልደረሰም ወይም ባሩዱ ድርብ ነው፤ ሁለቱም በርሜል ያፈነዳሉ። ከምልክቱ በታች ከጠለቀ ባሩዱ ተረስቷል። ካፕሱሉ የሚገባው በመጨረሻ፣ ዒላማው ፊት ብቻ ነው። ከከሸፈ አፈ ሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ጽዳቱ ይህን ጠመንጃ ለመውደድ ዋናው ምክንያት ነው። የጥቁር ባሩድ ተኳሽ በዚያው ምሽት በሙቅ ውሃና በሳሙና መታገል አለበት፤ ጭስ አልባ ባሩድ ብረት አይበላም። በርሜሉ እንደማንኛውም ጠመንጃ ተጠርጎ ስስ ዘይት ይቀባል። መድፈኛው ግን ከእያንዳንዱ የተኩስ ቀን በኋላ ይፈታ፣ ጥርሱ ይጸዳ፣ አዲስ ግራሶ ይቀባ። ሳቦው የሚተወው ፕላስቲክ በጥምዙ ውስጥ እንደ ግራጫ ቅባት ይነባበራል፤ የነሐስ ብሩሽና የሾት ገን የፕላስቲክ ማጽጃ ፈሳሽ ያነሳዋል።

ሕጉ ከክልል ክልል ይለያያል፣ ያላጣራ ሰው ጠመንጃውን ተሸክሞ ይመለሳል። ኮሎራዶ በአፈ ሙዝ ጎራሽ ወቅት ጭስ አልባ ባሩድን፣ ሳቦንም፣ መነጽርንም ትከለክላለች። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከገና በኋላ ያለው ወቅት በባልጩት ድንጋይ ለሚነሳ ጠመንጃ ብቻ የተተወ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ቨርጂንያ ደግሞ ለዚያ ተብሎ በተሠራ ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድን ትፈቅዳለች። ጭስ አልባው በተከለከለበት ቦታ ብላክሆርን 209 የተባለው ባሩድ መፍትሔ ነው፤ በ2008 የወጣ፣ በሕግ እንደ ጥቁር ባሩድ ተተኪ የሚቆጠር፣ ከሌሎቹ ተተኪዎች በጣም ያነሰ የሚያቆሽሽ። በስፍር 100 ግሬይን የሚባለው በሚዛን 70 ግሬይን ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የለም።

በፌደራሉ ሕግ በጥቁር ባሩድ ወይም በተተኪው እንዲሠሩ የታሰቡ አፈ ሙዝ ጎራሾች ብዙዎቹ እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ይቆጠራሉ፤ የመጀመሪያው 10ኤምኤል ግን እንደ ሙሉ የጦር መሣሪያ ከሚቆጠሩት ዝርዝር ውስጥ በስም አለ። ስለዚህ የድሮውን ሞዴል የሚገዛ ሰው በፈቃድ ነጋዴ በኩል ይግዛ። ለ10ኤምኤል-2ም የክልሉን ሕግ መጠየቅ ይሻላል፣ አንዳንድ ክልል ከፌደራሉ ይጠብቃልና። ነዋሪ ሳይሆን በጊዜያዊ ቪዛ አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ የተጻፈ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር የጦር መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም፤ ይህን ቀድሞ ሳይፈትሽ ከጓደኛ ጋር ወደ ተኩስ ቦታ መሄድ ትልቅ ጣጣ ነው።

ባሩድና ካፕሱል በፖስታ ሲታዘዙ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ ይጨመርባቸዋል፤ ስለዚህ አብሮ ማዘዝ ወይም ከቅርብ መደብር መግዛት ያዋጣል። ባሩዱ በራሱ ጣሳ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከልጆች ተቆልፎ፣ ከካፕሱሉ ተለይቶ ይቀመጥ።

እንግዲህ ማን ይግዛው? ሚዛን ያለው፣ መመዘን የማይሰለቸው፣ አንድ በርሜል ሲቀዘቅዝ መጠበቅ የሚችል ሰው ይግዛው፤ በትክክል ከተስተካከለ በኋላ በ100 ያርድ አንድ ኢንች ተኩል ውስጥ ሦስት ጥይት ማስቀመጥ ለዚህ ጠመንጃ ብርቅ አይደለም። በዓመት አንድ ቅዳሜ ብቻ ተኩሶ አጋዘን ለሚያድን ሰው ግን አንመክረውም። ለእሱ ብላክሆርን 209ን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ፣ በ2019 የወጣው ሲቪኤ ፓራማውንት ወይም ከዚያ የረከሰ ባለ 209 ጠመንጃ ይበቃዋል፤ እነዚህ ግን ጭስ አልባ ባሩድ እንዳይቀምሱ። ርቀትን የሚያሳድድ ሰው ደግሞ ሳቦ የሌለበት፣ ጥይቱ በቀጥታ ለበርሜሉ ተለክቶ የሚጠበብበት የ.45 ካሊበር ልዩ ሥራ ላይ ማተኮር አለበት፤ ዋጋው ሌላ፣ የሚጠይቀው ዕውቀትም ሌላ ነው።

ዋጋ ሲደራደሩ መፍቻው፣ መመሪያው፣ ትርፍ መድፈኛና ቪቶች አብረው ካሉ ጥቂት መጨመር ያዋጣል፤ ለብቻ ሲፈለጉ ጊዜም ገንዘብም ይበላሉ። ሻጩ መድፈኛውን ለመፍታት ካቅማማ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ሌላ ይፈለግ።